ፊት የማይጠቁርበት ፎቶ፦ በጋምቤላ ፀሐይ በትንሽ ካሜራ ለሚያነሱ

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር በሚያህል ቆላ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ያለች ናት። ፎቶ ለማንሳት እዚህ ብርሃን አያጥርም፤ የሚያስቸግረው ብዛቱ ነው። በቀትር በተነሳ ፎቶ ላይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ሸሚዙ ያንጸባርቃል፣ የባለቤቱ ፊት ግን ዓይንና አፍንጫው አይለይም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጥፋቱን በካሜራው ትንሽነት ያሳብባል። ገንዘብ አጠራቅሞ ትልቅ ካሜራ ቢገዛም በዚያው ሰዓትና በዚያው ቦታ እስካነሳ ድረስ ውጤቱ ብዙም አይለወጥም።

በኪስ የሚገባ ዲጂታል ካሜራ ሦስት ነገሮች ከተደረጉለት የሚያኮራ ፎቶ ያወጣል። የመጀመሪያው ሰዓት መምረጥ ነው። ሁለተኛው ሰውየውን ወደ ለስላሳ ብርሃን ማዞር ነው። ሦስተኛው ካሜራው ብርሃኑን ሲመዝን የሚሳሳተውን በፕላስና በማይነስ ማረም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሦስቱን በየተራ ያስኬዱዎታል።

1. ካሜራውን ከቤት ሳይወጡ ያስተካክሉ

«አውቶ» የሚለውን ትተው «ፒ» ወይም «ፕሮግራም» የሚለውን ይምረጡ። በ«ፒ» ላይ ካሜራው የሹተሩን ፍጥነትና የሌንሱን ቀዳዳ ራሱ ይወስናል፤ የፍላሹ፣ የአይኤስኦውና የፕላስ–ማይነሱ ውሳኔ ግን የእርስዎ ይሆናል። ካሜራዎ «ፒ» ከሌለው ሜኑው ውስጥ ገብተው ፕላስና ማይነስ ያለበትን ምልክት ይፈልጉ፤ በአብዛኞቹ ላይ አለ።

ቀጥሎ እነዚህን ያድርጉ፦

• የፎቶውን መጠን ትልቁ ላይ፣ ጥራቱንም ከፍተኛው ላይ ያድርጉ። ካርዱ ቶሎ እንዳይሞላ ብሎ መጠን መቀነስ በኋላ ማተም ሲፈለግ ያስቆጫል።

• ዲጂታል ዙሙን ያጥፉ። ዲጂታል ዙም የፎቶውን መሐል ቆርጦ ከማስፋት በቀር የሚያቀርበው ነገር የለም። የሚያቀርበው ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ የሚታየው ዙም ነው።

• አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ራስዎ ይምረጡ። በጠራ ፀሐይ 80 ወይም 100፣ በጥላና በደመና 200፣ ቤት ውስጥ 400 ያድርጉ። በትንሽ ካሜራ ከ800 በላይ ሲሄዱ ፎቶው ቁጥር ስፍር በሌለው የነጠብጣብ ፍርፋሪ ይሞላል፤ የፊት ልስላሴ የሚጠፋውም ያኔ ነው።

• ፍላሹን ያጥፉት። ሲያስፈልግ እርስዎ ያበሩታል፤ ካሜራው ባሻው ጊዜ ማብራት የለበትም።

• የቀለም ማመጣጠኛውን፣ ማለትም ዋይት ባላንሱን፣ ውጭ ሲሆኑ የፀሐይ ምልክት ላይ፣ ጥላ ውስጥ ሲሆኑ የጥላ ወይም የደመና ምልክት ላይ ያድርጉ።

2. ሰዓቱን በጥላዎ ይለኩ

ኢትዮጵያ በሙሉ በአንድ ሰዓት ብትተዳደርም ፀሐይ ለሁሉም እኩል አትወጣም። ጋምቤላ በምዕራብ ጫፍ ስላለች ፀሐይ ከአዲስ አበባ በሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣባታለች፤ ከሐረር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ፀሐይ ከፍ ብላ የምትቆመውም ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። በየካቲት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ፣ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው። በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ትቆያለች። በአዲስ አበባ የለመዱት ሰዓት እዚህ ትንሽ ወደፊት ይገፋል ማለት ነው።

ሰዓት ማየት ካልፈለጉ ጥላዎን ይመልከቱ። ጥላዎ ከቁመትዎ ከረዘመ ሜዳ ላይ ሰው ማንሳት ይችላሉ፤ ካጠረ ግን ወደ ጥላ ይግቡ። የጋምቤላ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ መልካሙ ሰዓት አጭር ነው። ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩልና ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ምርጡ ነው።

በተለይ የሚያዝያ መጀመሪያንና የነሐሴ መጨረሻን ልብ ይበሉ። በእነዚህ ቀናት ፀሐይ በጋምቤላ ሰማይ አናት ላይ ቀጥ ትላለች። ያኔ ቀትር ላይ ቆሞ የሚነሳ ሰው የቅንድቡ ጥላ ዓይኑ ላይ፣ የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ ይወድቃል። ይህን የሚያስተካክል ሴቲንግ የለም። መፍትሔው ቦታ መቀየር ብቻ ነው።

ክረምቱ በአንጻሩ ለፊት ፎቶ የተመቸ ነው። ደመናው የፀሐይዋን ብርሃን በትኖ ከየአቅጣጫው በእኩል ያወርደዋል። በዚህ ወቅት ቀኑን ሙሉ ማንሳት ይቻላል፤ ነጩ ሰማይ ግን ፎቶው ውስጥ ብዙ ቦታ እንዳይዝ ካሜራውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ።

3. ሰውየውን ወደ ብርሃን ያዙሩ

ጋምቤላ የማንጎ ከተማ ናት፤ ጥላ ፍለጋ ብዙ አያስኬድም። ነገር ግን ከማንጎው ሥር መሐል ላይ አያስቁሙ። በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ፊትን ያዥጎረጉረዋል፣ ቅጠሉም አረንጓዴ ቀለሙን ቆዳ ላይ ይጥላል። ጥላው ወደሚያልቅበት ጫፍ ይምጡ። ሰውየው እግሩ ጥላ ውስጥ ሆኖ ፊቱን ወደ ክፍቱ ሜዳ ያዙር። ሜዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ፊቱ ላይ በልስላሴ ያርፋል፣ ዓይኑም ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ይታያል። ብልጭታውን ካላዩ ሰውየውን በቦታው እንደቆመ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ የሆነ ቦታ ላይ ይመጣል።

የሰውየው ጀርባ ምን እንደሆነም ይመልከቱ። ከኋላው በፀሐይ የሚነድ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ ካለ ካሜራው እሱን አይቶ ፊቱን ያጨልመዋል። ዛፍ፣ የሣር ክዳን ወይም የጎጆ በር ይሻላል።

ከጎን የሚመጣ ብርሃን የቆዳን መልክ ያወጣል። በዕድሜ የገፉ የኑዌር አባቶች ግንባር ላይ ያሉትን ስድስት መስመሮች ወይም የአንዲት አዛውንት አኙዋክ ፊት ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ማሳየት ከፈለጉ ብርሃኑ በጉንጭ በኩል ይምጣ። ፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ ያንን ሁሉ ይደመስሰዋል።

4. ካሜራው የሚሳሳተውን ያርሙ

ካሜራ ፊት መሆኑን ለይቶ ቢያውቅም ብርሃን ሲመዝን መነሻው አንድ ነው፤ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ነጭ ነገር ሲበዛ ያጨልማል፣ ጥቁር ነገር ሲበዛ ያነጣል። በጋምቤላ ይህ ስሕተት ጎልቶ የሚታየው የብዙ ነዋሪዎች ቆዳ በጣም ጥቁር፣ ሰማዩና ግድግዳው ደግሞ በጣም ብሩህ ስለሆነ ነው።

ችግሩ ዛሬ አልጀመረም። ኮዳክ በፊልም ዘመን ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ካርዱም «ሺርሊ» ይባል ነበር። የጥቁር ሰዎች ፊት ዝርዝር በፎቶ ላይ ሲጠፋ ለረጅም ጊዜ ደንታ የሰጠው አልነበረም። ፊልሙ የጥቁር ቀለምን ልዩነት በተሻለ እንዲያሳይ ግፊት ያደረጉት ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፤ የሸቀጣቸው ቀለም አልለይ ብሏቸው ነው። ዛሬ ፊልሙ ቢቀርም ካሜራው የሚመዝነውን ማረም የአንሺው ሥራ ሆኖ ቀጥሏል።

የማረሚያው መሣሪያ የፕላስ–ማይነስ ቁልፍ ነው፤ ፕላስ ፎቶውን ያበራል፣ ማይነስ ያጨልማል። አጠቃቀሙ ይህን ይመስላል፦

• ጥቁር ፊት፣ ብሩህ ጀርባ፦ ከ+0.7 እስከ +1። ሰማዩ ቢነጣም ግድ የለም፤ የሚታየው ሰው ነው።

• ጥቁር ፊት ፎቶውን ከሞላው፦ ከ−0.3 እስከ −0.7። አለበለዚያ ካሜራው ቆዳውን አመድማ ያደርገዋል፤ ይህም ከማጨለም የማይተናነስ ጥፋት ነው።

• ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው በጥላ ውስጥ፦ ከ+0.3 እስከ +0.7።

• ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎች፦ በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀን ካባው ፎቶውን ከሞላ −0.3 ይሞክሩና ፊታቸውን በስክሪኑ አቅርበው ይመልከቱ።

ሚተሪንግ የሚል ምርጫ ካለ «ስፖት» የሚለው የመሐሉን ትንሽ ነጥብ ብቻ ይለካል። ነጥቡን ጉንጭ ላይ አድርገው ቁልፉን ግማሽ ድረስ ይጫኑ፤ በብዙ ካሜራዎች ላይ ልኬቱም ትኩረቱም አብረው ይያዛሉ። ጣትዎን ሳያነሱ ካሜራውን ወደፈለጉት አቅጣጫ አዙረው እስከ መጨረሻው ይጫኑ።

የቀይ፣ የጠይምና የጥቁር ሰዎች የጋራ ፎቶ ሲያነሱ ልኬቱን ከጥቁሩ ፊት ይውሰዱ። ቀዩን ከብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ራቅ፣ ጥቁሩን ቀረብ አድርገው ካስቆሙ ሁለቱም እኩል ይወጣሉ። ይህ በቢሮ፣ በትምህርት ቤትና በሠርግ ፎቶ ላይ ሁልጊዜ የሚያስፈልግ ዘዴ ነው።

5. ብርሃን ይመልሱ፣ ፍላሹን በቦታው ያብሩ

በክረምት ባሮ ይሞላል። በበጋ ውሃው ሲጎድል የአሸዋው ደልዳላ ይወጣል። ይህ አሸዋ ገንዘብ የማይከፈልበት አንጸባራቂ ነው። ሰውየውን ፀሐይ ከኋላው ወይም ከጎኑ አድርገው አሸዋው ላይ ቢያስቀምጡት ከታች የሚመለሰው ብርሃን የዓይኑንና የአገጩን ሥር ጨለማ ያነሳዋል።

አሸዋ በሌለበት ነጭ አንሶላ፣ የተዘረጋ ነጠላ ወይም አንድ ገጽ ነጭ ካርቶን ይበቃል። ረዳትዎ ከሰውየው ደረት በታች ወደ ፊቱ አዘንብሎ ይያዘው። አዲስ ቆርቆሮ ብርሃኑ ዓይን ስለሚወጋ ለዚህ አይሆንም።

በቀን ፍላሽ ማብራት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው፤ እውነተኛ ጥቅሙ ግን እዚያ ነው። ፀሐይ ከሰውየው ኋላ ስትሆን ወይም ባርኔጣ ፊቱን ሲጋርደው የመብረቅ ምልክቱን መርጠው ፍላሹ በግድ እንዲበራ ያድርጉ። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ባለው ርቀት ይቁሙ። የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ከሦስት ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ዙም ሲያደርጉ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። በሙቀቱ ግንባር ላይ ላብ ካለ ፍላሹ ነጭ ነጥብ ያደርገዋልና አስቀድመው በሶፍት ያስጠርጉ። ፍላሹ ከበዛ አንድ ስስ ሶፍት በፍላሹ ላይ አድርገው ያለዝቡት።

6. ቤት ውስጥና ማታ

የጎጆ ብርሃን ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከበሩ ነው። የሚነሳው ሰው ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጥ። እርስዎ ብርሃኑን እንዳይከልሉት ከበሩ ጎን ይሁኑ። ይህ ከየትኛውም ስቱዲዮ የማያንስ ብርሃን ነው። አይኤስኦ 400 ያድርጉ፣ ክርንዎን ጎንዎ ላይ ወይም መቃኑ ላይ ያስደግፉ፣ ትንፋሽዎን ያዝ አድርገው ይጫኑ።

በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ወደ መስኮት ቀርበው ያንሱ፤ መስኮቱ ግን ከጀርባዎ እንጂ ከተናጋሪው ኋላ መሆን የለበትም። መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ ወይም የሶላር መብራት በቀጥታ ፊት ላይ አያብሩ። ወደ ነጭ ግድግዳ ያብሩትና ከግድግዳው የሚመለሰውን ይጠቀሙ።

ለቆመ ሰው የሹተር ፍጥነቱ ከ1/60 ባይወርድ መልካም ነው፤ ለሚጨፍርና ለሚሮጥ 1/250ና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የጭፈራ ሥነ ሥርዓት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተነሳ እንቅስቃሴው አይደበዝዝም። ጨለማ ከሆነ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የሁለት ሰከንድ ታይመር ይሙሉ፤ ጣትዎ ሲጫን የሚመጣው መንቀጥቀጥ ይቀራል።

7. ወንዝ፣ ደንና የዱር እንስሳት

ባሮ ወደ ምዕራብ ስለሚወርድ የምሽት ፀሐይ ውሃው በሚሄድበት በኩል ትጠልቃለች። በበጋ ሣር ሲቃጠል ጭሱ ፀሐይዋን ቀይ ክብ ያደርጋታል። ካሜራው ያንን ቅላት እንደ ጥፋት ቆጥሮ እንዳያጠፋው ዋይት ባላንሱን ፀሐይ ወይም ደመና ላይ ያድርጉ፣ ፕላስ–ማይነሱንም ወደ −0.7 ያውርዱ። ታንኳውና ቀዛፊው ጥቁር ቅርጽ ሆነው ይወጣሉ። ውሃው ጠርዝ ላይ ግን አይንበርከኩ። ባሮ አዞ አለበት፤ በ1958 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ጋምቤላ ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል።

በመዠንግር ዞን ደን ውስጥ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ብርሃን ያንሳል፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይመስላል። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በመዘገበው በዚህ ደን ውስጥ አይኤስኦ 400 አድርገው፣ ዋይት ባላንሱን ጥላ ላይ አድርገው ያንሱ። በቅጠል መሐል የሚታየውን ሰማይ ከፎቶው ያስወጡ፤ ቡናና የማር ቀፎ ሲያነሱም ቀረብ ብለው የአበባ ምልክት ያለበትን የማክሮ ቁልፍ ይጠቀሙ።

በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ነጭ ጆሮ ቆርኬን ለማንሳት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። መሬቱ ሲግል የሚነሳው የሙቀት ሞገድ በሩቅ ያለውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፣ ስለዚህ ጠዋት ብቻ ይሠራል። ወንዱ ቆርኬ ደግሞ ጥቁር ቆዳና ነጭ ጆሮ ስላለው በቢጫ ሣር መሐል ካሜራውን ያሳስተዋል። +0.3 አድርገው አንድ፣ እንደነበረ አንድ፣ −0.3 አድርገው አንድ ያንሱና የተሻለውን ያስቀሩ።

8. እዚያው ይመርምሩ

የስክሪን ብርሃን በጋምቤላ ፀሐይ አይታመንም፤ ሁሉም ፎቶ ጨለማ ይመስላል። በባርኔጣዎ ጋርደው ይመልከቱ። ሂስቶግራም የሚባለውን የብርሃን ግራፍ ማሳየት ከቻለ እሱን ይመኑ። የግራፉ ተራራ ወደ ግራ ጫፍ ተጣብቆ ከተቆረጠ ጨልሟል፣ ወደ ቀኝ ጫፍ ከተቆረጠ ነጥቷል። ከዚያ ፊቱን በዙም አቅርበው ዓይኑ ጥርት ማለቱን ያረጋግጡ። ሰውየው ሳይሄድ መድገም ቀላል ነው።

9. ካሜራውን ከሙቀትና ከአቧራ ያድኑ

የብዙ ትንንሽ ካሜራዎች የአምራች ገደብ 40 ዲግሪ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት እዚያ ይደርሳል። መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ አይተዉት። በማቀዝቀዣ ከተቀዘቀዘ ክፍል ሲወጡ ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳይወርድ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልለው አስረው ይውጡ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይፍቱት። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ የባሮ አሸዋ ከገባበት ይነክሳል፤ በነፋስ ጊዜ ያጥፉት፣ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፣ በሸሚዝ ጫፍ አይሹት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሁለተኛ ባትሪ ሞልተው ይያዙ።

ሳይጠይቁ አያንሱ

ሰላምታ ይቅደም፣ ከዚያ ጥያቄ። በዕድሜ የገፉትን «አባባ»፣ «እማማ» ብለው ያናግሩ፤ ቋንቋ ካልተግባቡ ካሜራውን አሳይተው ፊታቸውን ያንብቡ። እሺ ካላሉ ካሜራውን ወደ ኪስ መመለስ ነው። ልጅ ሲሆን ወላጁን ይጠይቁ። በባሮ ድልድይ፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በጸጥታ ተቋማት አካባቢ ጥበቃውን ሳያስፈቅዱ ካሜራ አያውጡ። በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ማንሳት የሚቻለው ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው። «እልክልሃለሁ» ብለው ቃል ከገቡ ፎቶውን አትመው ያድርሱ።

ነገ ጠዋት አንድ ሰው ከማንጎ ጥላ ጫፍ ላይ ያስቁሙና በዜሮ፣ በ+0.7 እና በ−0.7 ሦስት ጊዜ ያንሱት። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አይተው ቆዳው እውነተኛ ቀለሙን የያዘበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ያ ቁጥር የካሜራዎ የጋምቤላ ቁጥር ነው፤ ሌላ ካሜራ ለመግዛት ከማሰብዎ በፊት በዚያ ይሥሩ።